«ሣጥኑን ይፈትሹ»፦ ቼክ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣበት መንገድ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

አንድ ቃል ብቻ ይዞ ይህን ያህል ሰው ፊት መቆም ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ወደዚህ ቃል የመሩኝ መዝገበ ቃላት ሳይሆኑ አንዲት እናት ናቸው። አሜሪካ አገር በአስተርጓሚነት በምሠራበት ወቅት፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎች ተተርጉሞ የተዘጋጀ ቅጽ ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ጣታቸውን ከመስመር መስመር እያስኬዱ ሲያነቡ ቆዩና አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ እዚህ ላይ ‹የሚመለከትዎትን ሣጥን ሁሉ ይፈትሹ› ይላል፤ የምን ሣጥን ነው የምፈትሸው? ይዤ የመጣሁት አንድ ሻንጣ ነው፤ እሱንም ኤርፖርት ላይ በርብረውታል» አሉኝ። ከዐረፍተ ነገሩ ሥር ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም እያለ የሚወርድ ዝርዝር ነበር፤ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊትም ጥፍር የምታህል አራት ማዕዘን ተሥላለች። ቅጹ የፈለገው በዚያች አራት ማዕዘን ውስጥ የራይት ምልክት እንዲያደርጉ ነበር።

እንግሊዝኛው «ቼክ» ይላል፤ መዝገበ ቃላቱን የከፈተ ሰውም «ቼክ» ከሚለው ቃል ጎን «መፈተሽ» የሚል ያገኛል። ተርጓሚው ያላየው ከዚያ በታች ያለውን ነው። ይኸው ቃል መግታት፣ መገሠጽ፣ ማመሳከር፣ ምልክት ማድረግ፣ ሻንጣ ማስረከብ፣ የምግብ ቤት ሒሳብ፣ የባንክ ወረቀት፣ በካሬ በካሬ የተሠራ ጨርቅ፣ በቼስ ጨዋታም ንጉሡ አደጋ ላይ መውደቁን የሚያስታውቅ ጥሪ ማለት ነው። ዝርዝሩ ሲታይ ከየቦታው የተለቃቀሙ ቃላት በአንድ ስም የተዳበሉ ይመስላል። እኔ ግን ሁሉም ከአንድ ጩኸት የወጡ መሆናቸውን፣ የእያንዳንዱም መንገድ በዱካው ተከትሎ ሊደረስበት የሚችል መሆኑን ላሳያችሁ እሞክራለሁ። በመንገዳችን ላይ አማርኛም ሳያውቀው ከዚሁ ገበታ ላይ ተቀምጦ እናገኘዋለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቼስ ነው። ጨዋታው ከሕንድ ተነሥቶ በ6ኛው መቶ ዘመን ገደማ ፋርስ ገባ። በሳንስክሪት ስሙ «ቻቱራንጋ» ነበር፤ «ባለ አራት ክፍል» ማለት ነው፤ አራቱም የሠራዊት ክፍሎች፣ ዝሆኑ፣ ሠረገላው፣ ፈረሰኛውና እግረኛው ናቸው። ፋርሶች «ቻትራንግ» አሉት። በ7ኛው መቶ ዘመን ፋርስን የያዙት ዐረቦች ደግሞ «ቸ» የሚለው ድምፅ በቋንቋቸው ስለሌለ «ሸጥረንጅ» አደረጉት። ይህን ስም ለጊዜው እዚህ እንተወው፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ፋርሶች የባላጋራቸውን ንጉሥ የሚያሰጋ ርምጃ ሲያደርጉ «ሻህ!» እያሉ ያስጠነቅቁ ነበር። «ሻህ» ማለት ንጉሥ ነው፤ በ1979 ዙፋናቸውን ያጡት የኢራን ንጉሥ የሚጠሩበት ማዕርግም ይኸው ነበር። ንጉሡ የሚገባበት ሲያጣ ጥሪው «ሻህ ማት» ይሆናል። የ«ማት» ፍቺ አከራካሪ ነው። ዐረቦች «ሞተ» ብለው ሰሙት፤ እኛም ብንሆን ያው እንሰማዋለን፤ ምክንያቱም የግዕዙና የአማርኛው «ሞተ» ከዐረብኛው «ማተ» ጋር የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። በፋርስኛ ግን «ማት» መላ ያጣ፣ ግራ የገባው፣ የተረታ ማለት ነው። ጆሮዬ ወደ ዐረቦቹ ቢያደላም ፍርዴ ከፋርሶቹ ጋር ነው። በቼስ ንጉሥ አይገደልም፤ ሌላው ሁሉ እየተበላ ከገበታው ሲወርድ፣ ንጉሡ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ባጣባት ቅጽበት ጨዋታው እዚያው ላይ ያበቃል። የሞተ ንጉሥ ሳይሆን ወዴትም የማይል ንጉሥ ነው የሚቀረው።

ጨዋታው በ1000 ዓመተ ምሕረት አካባቢ በስፔንና በሲሲሊ በኩል ወደ ምዕራብ አውሮፓ ሲዘልቅ ሁለቱም ቃላት አብረው ተሻገሩ፤ ነገር ግን የየአገሩ ሰው የመረጠው የተለያየ ነው። ስፔኖች ለጨዋታው የሸጥረንጅን ስም ከነ ዐረብኛ መስተዋድዱ ወስደው «አኼድሬስ» አሉት፤ ለጥሪው ደግሞ ከሻህ «ኻኬ» የሚል ቃል አወጡ። ፈረንሳዮች ግን ሻህን ለሁለቱም አዋሉት። የቃሉ መጨረሻ ላይ ያለው የ«ህ» ትንፋሽ በላቲን ጸሐፊዎች ጆሮ «ክ» ሆነና፣ በጥንቱ ፈረንሳይኛ ጥሪው «ኤሼክ»፣ ጨዋታው ደግሞ በብዙ ቁጥር «ኤሼስ» ተባለ። እንግሊዞች ሁለቱንም ከፊታቸው ቆርጠው ተቀበሉ፤ ከነጠላው «ቼክ»፣ ከብዙው «ቼስ» ወጣ። ስለዚህ በዛሬው እንግሊዝኛ ምንም የማይዛመዱ የሚመስሉት ቼስና ቼክ አንድ ቃል ናቸው፤ ቼስ ማለት በሥሩ «ነገሥታት» ማለት ነው።

ቃሉ በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝኛ ሲታይ ብዙም ሳይቆይ ከገበታው ወረደ። እንዴት እንደ ወረደ ለመረዳት ተጫዋች መሆን ያስፈልጋል። ንጉሥህ ቼክ ሲባል ያሰብኸው ዕቅድ ሁሉ ይቆማል፤ ሁለት ርምጃ ቀርቶህ የባላጋራህን ሠረገላ የምትበላ ብትሆን እንኳ መጀመሪያ ንጉሡን ታሸሻለህ፣ ወይም በመካከል ከለላ ታስገባለህ፣ ወይም አጥቂውን ትበላለህ። አራተኛ ምርጫ የለም። እንግሊዞች የያዙት ይህን በድንገት የመቆም ስሜት ነው። እየገሠገሠ ያለ ጦር መንገድ ላይ ሲገታ «ቼክ» ተባለ፤ ፈረስ በልጓም ሲያዝ «ቼክ» ተባለ፤ አፍ የሚያስይዝ ተግሣጽም «ቼክ» ተባለ፤ ሼክስፒር ቃሉን በዚህ ፍቺው ይጠቀምበታል። በጭልፊት የሚያድኑት መሳፍንት ደግሞ ጭልፊቷ የተለቀቀችባትን ወፍ ትታ በመንገዷ ያገኘችውን ሌላ ወፍ ስትከተል «ቼክ አደረገች» ይሉ ነበር። በዚያው በ14ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው ባለ ቅኔ ቾሰር፣ ሚስቱ የሞተችበትን ባላባት ኀዘን ሲገልጽ፣ ዕድል በሴት ተመስላ ከሰውየው ጋር ቼስ ስትጫወት፣ ከንጉሡ ጎን የምትቆመውን ጠጠሩን በልታ «ቼክ» እና «ማት» ስትለው ያሳያል። ያቺን ጠጠር ቾሰር «ፈርስ» ይላታል፤ ይህንም ስም አስታውሱልኝ።

እዚህ ላይ ፈረንሳይኛው ያደረገውን ማየት ይጠቅማል፤ ዛሬ «ኤሼክ» በፈረንሳይኛ ውድቀት ማለት ነው፤ ፈተና የወደቀ ተማሪም፣ የከሸፈ ድርድርም ኤሼክ ነው። ከአንድ ጥሪ ተነሥቶ አንዱ ቋንቋ የመጨረሻውን ሽንፈት፣ ሌላው ግን መልስ ሊሰጥበት የሚችለውን ጊዜያዊ መገታት ወሰደ። የእንግሊዝኛው ቃል ኋላ ላይ ያን ያህል ሊራባ የቻለው ጨዋታውን ስለማይጨርስ ይመስለኛል።

የመገታት ፍቺው ከሁሉ ርቆ የተጓዘው ወደ ፖለቲካ ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሞንቴስኪዩ በ1748 ሥልጣን ሥልጣንን ማስቆም እንዳለበት ሲጽፍ የተጠቀመበት የፈረንሳይኛ ግስ ተራውን «ማስቆም» የሚለውን ነበር፤ በ1750 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ቶማስ ኑጀንት ግን «ሥልጣን ለሥልጣን ቼክ መሆን አለበት» ብሎ አስገባው። በ1787 የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትና በጋዜጣ የተከራከሩለት ሰዎች ቃሉን ከ«ሚዛን» ጋር አጣምረው ተጠቀሙበት፤ ዛሬም የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያጠናው ጥምረት ሆኖ ቀረ። እኛ ይህን «የእርስ በርስ ቁጥጥርና ሚዛን» እንለዋለን። ትርጉሙ መጥፎ አይደለም፤ ሆኖም «ቁጥጥር» ሲባል የበላይ የበታቹን ሲከታተል ይታየናል፤ እንግሊዝኛው ግን በአንድ ገበታ ላይ ትይዩ የተቀመጡ ሁለት ተጫዋቾችን ነው የሚያሳየው፤ አንዱ ለሌላው አለቃ አይደለም፤ ማስቆም ብቻ ይችላል። «መገታት» የሚለው ቃል ቢገባበት ኖሮ ይቀርብ ነበር።

አሁን ከጥሪው ወደ ገበታው ልለፍ፤ እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ክፍል ይህ ነው። በጥንቱ ፈረንሳይኛ የቼስ ገበታ «ኤሼኪዬ» ይባላል። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ፣ ከ1100 እስከ 1135 በነገሠው በቀዳማዊ ሄንሪ ዘመን፣ የንጉሡ ግብር የሚተሳሰብበት መሥሪያ ቤት በዚህ ስም ተጠራ፤ በእንግሊዝኛ «ኤክስቼከር» ማለት ነው። በመካከል ያለችውን «ክስ» የጨመሯት፣ ቃሉ በላቲን «ኤክስ» የሚጀምር የመሰላቸው የተማሩ ጸሐፊዎች ናቸው፤ ዕውቀት ስሕተት ሲወልድ ይህን ይመስላል። የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር እስከ ዛሬ ድረስ በማዕርጉ «የቼስ ገበታው ሹም» እንደ ተባለ አለ።

መሥሪያ ቤቱ በዚህ ስም የተጠራው በገበታ ላይ ስለሚሠራ ነው። በ1170ዎቹ መጨረሻ የንጉሡ ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበረው ሪቻርድ ፊትዝኒል ሥራውን አንድ በአንድ ጽፎ ትቶልናል። ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 5 ጫማ የሆነ ጠረጴዛ፤ የተቀመጠው እንዳይወድቅ በዙሪያው አራት ጣት ያህል ከፍ ያለ ጠርዝ፤ በላዩ ላይ ጥቁር ጨርቅ፤ በጨርቁም ላይ በጫማ ወይም በስንዝር ርቀት የተሰመሩ መስመሮች። እያንዳንዱ ዓምድ የራሱ ዋጋ ነበረው፤ በስተ ቀኝ ሳንቲሞቹ ማለትም ፔኒዎቹ፣ ቀጥሎ ሽልንጎቹ፣ ከዚያ ፓውንዶቹ፣ ሃያዎቹ፣ መቶዎቹ፣ ሺዎቹ። በሮማውያን ቁጥር ሲጻፍ ዜሮ ስለሌለና የቁጥሩ ቦታ ዋጋውን ስለማይናገር በወረቀት ላይ መደመር አስቸጋሪ ነበር፤ በጨርቁ ላይ ግን ባዶው ዓምድ ራሱ ዜሮ ነው። በፋሲካና በመስከረም ወር መጨረሻ በሚውለው የቅዱስ ሚካኤል በዓል የየአውራጃው ሹም፣ ሸሪፍ የሚሉት፣ መጥቶ ከጠረጴዛው ባሻገር ይቀመጣል። የሚፈለግበት በአንድ ረድፍ በጠጠር ይደረደራል፤ ያስገባው በታቹ ይደረደራል፤ ከላይኛው ላይ የታችኛው እየተነሣ የቀረው ዕዳው ነው። ማንበብ የማይችል ሹምም ቢሆን ዕዳውን በዓይኑ ያያል። ፊትዝኒል ራሱ ምሳሌውን አልሳተውም፤ በቼስ ገበታ ሁለት ነገሥታት እንደሚዋጉ ሁሉ እዚህም ግምጃ ቤቱና ሸሪፉ ይዋጋሉ፤ ሌሎቹ ተመልካችና ዳኛ ናቸው ይላል።

ደረሰኙም ወረቀት አልነበረም። ገንዘብ ሲገባ የሐዘል ዛፍ በትር ይወሰድና በጥርብ ይለካል፦ ለ1,000 ፓውንድ የመዳፍ ውፍረት ያህል፣ ለ100 የአውራ ጣት፣ ለ20 የትንሿ ጣት፣ ለአንድ ፓውንድ የደረሰች የገብስ ፍሬ ያህል። ከዚያ በትሩ ጥርቦቹን መካከል ለመካከል ከፍሎ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ አንዱ ግማሽ ከከፋዩ ጋር ይሄዳል፣ ሌላው ግምጃ ቤት ይቀራል። ማንም ጥርብ ቢጨምር ወይም ቢፍቅ ሁለቱ ሲገጠሙ ይጋለጣል። ይህ አሠራር እስከ 1826 ቆይቶ ነው የቀረው። የተከማቹት አሮጌ በትሮች በ1834 ጥቅምት 16 ቀን በፓርላማው ሕንፃ ሥር ባሉ ምድጃዎች እንዲቃጠሉ ታዘዘ፤ እሳቱ ከጭስ ማውጫው አልፎ ፓርላማውን ራሱን አነደደው። ዛሬ በሥዕል የምናውቀው ባለ ትልቁ ሰዓት ሕንፃ ከዚያ ቃጠሎ በኋላ የተሠራው ነው።

እንግዲህ ሁለት መንገድ አለን፤ ከጥሪው የወጣው «መግታት»፣ ከገበታው የወጣው «መተሳሰብ»። እነዚህ ሁለቱ ተገናኝተው ነው ዛሬ ሁላችንም የምናውቀውን «ማረጋገጥ» የወለዱት። በንጉሡ የመርከብ መሥሪያ ሰፈሮች ውስጥ «የቼክ ጸሐፊ» የሚባል ሹም ነበር። ሥራው ጠዋት በመዝገቡ መሠረት የአናጢዎችንና የሠራተኞችን ስም እየጠራ፣ የቀረውን ምልክት አድርጎበት፣ ደመወዙን ማስቆረጥ ነበር። ይህን ሰው ልብ ብላችሁ እዩት፤ መዝገቡን ከፊቱ ከቆመው ሰው ጋር ያመሳክራል፣ ምልክት ያደርጋል፣ ክፍያ ይገታል። ሦስቱም በአንድ ማለዳ፣ በአንድ ብዕር የሚሠሩ ናቸው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ቃሉ ደመወዝ የሚገታበትን ክፍል እየተወ ማመሳከሩን ብቻ ይዞ መሄድ የጀመረው እንዲህ ካለው ሥራ ነው ብዬ አስባለሁ። እናታችን እጅ ላይ የነበረችው ጥፍር የምታህል ሣጥንም የዚያ መዝገብ የልጅ ልጅ ናት።

የባንኩ ወረቀት ስምም ከዚሁ ይመጣል። በ18ኛው መቶ ዘመን መባቻ «ቼክ» የሚባለው እጅ ላይ ያለው ወረቀት ሳይሆን ከወረቀቱ ተቆርጦ የሚቀረው ጉርድ ነበር። ወረቀቱ ተመልሶ ሲመጣ ከጉርዱ ጋር እየተገጠመ ቁጥሩ አለመፋቁ ይታያል፤ የተሰነጠቀው በትር በወረቀት ተመለሰ ማለት ነው። ቀስ በቀስ ስሙ ከጉርዱ ወደ ወረቀቱ ተሻገረ። እንግሊዞች በ19ኛው መቶ ዘመን ይህን ወረቀት ኤክስቼከር ከሚለው ጋር በማመሳሰል ፊደሉን ቀይረው በሌላ አጻጻፍ ሲጽፉት፣ አሜሪካኖች አልቀየሩም። ስለዚህ ለንደን ውስጥ በአጻጻፍ የሚለዩት የባንኩ ቼክና የፍተሻው ቼክ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በመልክም በድምፅም አንድ ናቸው።

አሜሪካኖቹ ጉርዱን ከባንክ ውጭም አስወጡት። ካፖርትህን ስታስረክብ የምትቀበለው ቁጥር ቼክ ነው፤ ሻንጣህ ላይ የሚለጠፈውና ግማሹ በትኬትህ ላይ የሚቀረው ወረቀት ቼክ ነው፤ ምግብ ቤት ውስጥ እኛ «ሒሳብ!» ብለን የምንጠራው ወረቀት ቼክ ነው። በ1880ዎቹ የቤዝቦል ጨዋታ በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ ሌላ ቀን እንዲገባበት የሚሰጠው ጉርድ «የዝናብ ቼክ» ይባል ነበር፤ አሁን ግብዣ ላይ መምጣት ያልቻለ ሰው በትሕትና «ለሌላ ጊዜ ይሁንልኝ» የሚልበት አነጋገር ሆኗል። በ1961 በርሊን ላይ የአሜሪካ ወታደሮች የቆሙበት የፍተሻ ኬላ «ቼክፖይንት ቻርሊ» መባሉ ደግሞ ሁለቱን ፍቺዎች አንድ ላይ ያዘ፤ ያስቆማል፣ ከዚያም ወረቀት ያመሳክራል። አንድ የሚያስገርም ጥግ ልጨምር፦ በ1935 ቦይንግ ለአሜሪካ ጦር ያቀረበው አዲስ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በሙከራ በረራ ላይ የወደቀው፣ መሬት ላይ ሳለ የጅራቱን ክንፎች የሚቆልፈው መያዣ ሳይለቀቅ በመነሣቱ ነበር። ከዚያ አደጋ በኋላ ነው ፓይለቶች ከመነሣታቸው በፊት አንዱ እያነበበ ሌላው የሚመልስበት ዝርዝር የተለመደው። መልሱም ብዙ ጊዜ «ቼክ» ነው። ቃሉ እንደ ፋርሶቹ ዘመን ብቻውን በጥሪ መልክ ተመለሰ፤ ግን ያን ጊዜ «ንጉሥህ አደጋ ላይ ነው» ይል የነበረው አሁን «ችግር የለም» ይላል።

ወደ አማርኛችን ልመለስ። «ቼክ» አማርኛ ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ በባንኩ ፍቺው ላይም ቅሬታ የለኝም። እንዲያውም አማርኛ ከተቀበለው በኋላ የራሱን ነገር ጨምሮበታል። ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ ሳይኖር የተጻፈውን ቼክ ሰው «ደረቅ ቼክ» ይለዋል፤ ባንኮቹ ደግሞ «በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ» ይላሉ። መንገደኛ ያለ ስንቅ እንደማይወጣ ሁሉ ቼኩም ያለ ስንቅ ከወጣ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 693 ደግሞ ያለ ስንቅ የላከውን ሰው ይጠይቀዋል። እንግሊዝኛው ሲመልሰው «ነጠረ» ነው የሚለው፤ የእኛው ይበልጣል።

የሚያሳስበኝ «ቼክ ላድርግ»፣ «ቼክ አድርገህ ደውልልኝ» የሚለው ነው። ለወሬ ምንም አይደል፤ እኔም እላለሁ። በደብዳቤ፣ በቅጽ፣ በሕግ ጽሑፍ ሲገባ ግን ልዩ ልዩ መልክ ያላቸውን ግሶች አንድ ቀለም ይቀባቸዋል። «አጣራ» ከ«ጠራ» የመጣ ነው፤ ጠላው አተላው እስኪዘቅጥ መጠበቅን የሚያውቅ ሰው ያወጣው ቃል ነው። «አመሳከረ» ምስክርን ከምስክር ፊት ያቆማል። «ተቆጣጠረ» ከ«ቆጠረ» ወጥቷል፤ ከብቱን በረት በር ላይ አንድ ሁለት እያለ የሚያስገባ ሰው ይታይበታል። «ገታ» ልጓም ይዟል። «ፈተሸ» ደግሞ እጁን ኪስ ውስጥ ይከታል። እናታችን ደንግጠው የጠየቁኝ ለዚህ ነው፤ አማርኛቸው ትክክል ነበር፤ ቃሉ እጁን ወደ ሻንጣቸው ሰዶባቸው ነበር። ቅጹ ላይ መባል የነበረበት «የሚመለከትዎት ካለ ከፊቱ ባለው ሣጥን ውስጥ የራይት ምልክት ያድርጉ» ብቻ ነው። ይህን ለቅጹ ባለቤቶች በጽሑፍ አሳውቄ ነበር፤ በሚቀጥለው እትም «ይፈትሹ» ወጥቶ «ቼክ ያድርጉ» ገባ።

መጀመሪያ ላይ እንድታስታውሱ የጠየቅኋችሁ ሁለት ስሞች ነበሩ። ሸጥረንጅ በቀይ ባሕር በኩል ወደ እኛ ሲደርስ «ሰንጠረዥ» ሆነ። የአገራችንን የቼስ አጨዋወት በተለይ ያጠኑት ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው፤ ከእርሳቸው በፊትም በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። የእኛው አጨዋወት ከሌላው የሚለየው በአከፋፈቱ ነው፤ «ወረራ» በሚባለው መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ጦር በፈለጉት ፍጥነት ያሰልፋሉ፤ ተራ መጠበቅ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ጠጠር ከበላ በኋላ ነው። ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ጠጠር ደግሞ «ፈርዝ» ይባላል። የቾሰር «ፈርስ» እና የእኛ «ፈርዝ» ከአንድ የፋርስኛ ቃል የወረዱ ናቸው፤ ትርጉሙም አማካሪ፣ ሚኒስትር ማለት ነው፤ አውሮፓውያን ኋላ ላይ ንግሥት አደረጉት፤ የእኛው ወንድ ሆኖ ቀረ።

ገበታው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነበር፤ በላዩ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር ተሰምሮበት ካሬዎቹ ይለያሉ፤ እንደ አውሮፓው ገበታ አንዱ ካሬ ነጭ ሌላው ጥቁር አልነበረም። ይህ ትንሽ ልዩነት የቃሉን ዕጣ የወሰነ ይመስለኛል። በእንግሊዝኛ የገበታው ስም ከግምጃ ቤቱ ሌላ ለዥጉርጉር ነገር ሁሉ ተረፈ፤ ባለ ካሬ ሸሚዝ «ቼክ» ነው፤ ጥሩም መጥፎም የተቀላቀለበት የሰው ታሪክም እንዲሁ «በካሬ የተሠራ» ይባላል። በአማርኛ ግን ገበታው መስመር ብቻ ስለ ነበረ «ሰንጠረዥ» የመስመርና የዓምድ ስም ሆነ። ጨዋታውን ዛሬ «ቼስ» እንለዋለን፤ ሰንጠረዥ ስንል የሚታየን በመጽሐፍ ውስጥ ያለ ባለ ቁጥር ዝርዝር ነው። የኤክስቼከር ጸሐፊዎች ከቼስ ገበታ ወስደው የገንዘብ ዓምድ እንዳደረጉት፣ እኛም፣ ከእነርሱ ምንም ሳንሰማ፣ ከዚያው ገበታ የቁጥር ዓምድ አወጣን። የስፖርት ጋዜጠኛው ክለቦችን «በደረጃ ሰንጠረዡ» ላይ ከላይ ወደ ታች ሲደረድር፣ በሳንስክሪት ዝሆኑን፣ ሠረገላውን፣ ፈረሰኛውንና እግረኛውን እየጠራ ነው። የወራጅ ቀጠናው ግን የራሳችን ጭማሪ ነው።

ለጥያቄ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ ላቁም።